በጥምጥም ላይ የተደፋ ማዳመጫ

ራዲዮን ጠጋኙ ባዘዘው ድምፁን ከክሩ ላይ ከሚያነበው ብረት፣ ከቴፑ ሄድ፣ ጎን ያለችውን፣ ስንዴ የምታህል ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ እያዞረ ነበር። ግራ እጁ የቴፑን ክዳን ደግፎ ይዟል፤ ቀኝ እጁ ብሎኗን የፀጉር ያህል ወደ ቀኝ ያዞርና ይቆማል፣ ያዳምጣል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ግራ ይመልሳታል። ይህችን ሥራ አርባ ዓመት ሠርቷታል። ሄዱ ከካሴቱ ክር ጋር ልክ ካልተገጣጠመ ድምፁ ይታፈናል፤ ሲገጣጠም ግን መስኮቱ እንደተከፈተ ቤት ፈካ ይላል። መለኪያ መሣሪያ የለውም፤ መለኪያው የሠሪው ጆሮ ነው። በዚያ ሰሞን ታዲያ ብሎኗን ወዲህም ወዲያም ቢያዞራት መስኮቱ አልከፈት አለው።

«አንቺ ብሎን ዛሬ ምን ነካሽ» አለና ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

ሱቁ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ስፋቷ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ቢገባባት ነው። ግድግዳዋን ከላይ እስከ ታች ሆዳቸው የተከፈተ ራዲዮኖች ሞልተዋታል። ጠረጴዛው ላይ ሄድ የሚጠርግበት የአረቄ ጠርሙስ ከነጥጡ አለ። ከጠርሙሱ ሥር አንድ የሆስፒታል ካርድ ተቀምጧል። ሚስቱ አሰገደች ተሰልፋ ያወጣችለት የጆሮ ምርመራ ካርድ ነው፤ ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ይላል። እሷ ከጓዳ ሦስት ጊዜ ስትጠራው ስላልሰማ ነበር ያወጣችው። እሱ ደግሞ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስለምታወራ ነው የማይሰማት፤ እንዲህ ብሎ ነግሯታል፣ እሷም ካርዱን ኪሱ ውስጥ ከትታው ሄዳለች፤ እሱም ሱቁ ሲደርስ አውጥቶ ጠርሙሱ ሥር አስቀመጠው።

በዚያ ሳምንት ባዘዘውን ያንጨረጨረው ግን ካርዱ አልነበረም። ሦስት የጆሮ ማዳመጫዎች ነበሩ።

ያመጣቻቸው የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዋ ማርያማዊት ናት። ከየደብሩ የተሰበሰቡ የድሮ የማኅሌት ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ሊገለበጡ ነው። ለዚህ ሥራ አንድ ጥሩ ማዳመጫ ያስፈልጋልና ከአዲስ አበባ አንድ ነጋዴ ሦስት ዓይነት ለሙከራ ላከ። አንዱ ይቀራል፣ ሁለቱ ሐሙስ በአውቶቡስ ይመለሳሉ። የቱ ይቅር የሚለውን ባዘዘው እንዲመርጥ፣ ምክንያቱንም በግማሽ ገጽ እንዲጽፍ ጠየቀችው። በዚህ አገር ከእርስዎ ጆሮ በላይ የለም ብዬ ለኮሚቴው ተናግሬያለሁ፣ ብላዋለች። ደግሞም አደራ ያለችው አንድ ነገር ነበር። የካሴቱን እሽታ፣ ያን እሽሽ የሚል ጫጫታ፣ ከድምፁ ላይ የሚያጠፋው የዩኒቨርሲቲው ልጅ በዚሁ ማዳመጫ እየሰማ ነውና የሚሠራው፣ ጸናጽሉ ጥርት ብሎ ካልተሰማው ከእሽታው ጋር ጠርጎ ይጥለዋል። አንዴ ከተጣለ የሚመለስ ነገር አይደለም።

ባዘዘው ሦስቱንም አገላብጦ አያቸው። የመጀመሪያው እንደማንኛውም ስፒከር ነው፤ ማግኔት አለው፣ የተጠመጠመ ሽቦ አለው፣ ሽቦው የተጣበቀበት ስስ ሽፋን ይርገበገባል። እንዲህ ያለውን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። የሁለተኛው ሽቦ አልተጠመጠመም፤ እንደ ቀሚስ ጥልፍ በሰፊ ሽፋን ላይ ተዘርግቶ፣ ከፊትና ከኋላው የማግኔት ዘንጎች ተደርድረዋል። ክብደቱ አንገት ያስጎነብሳል። ሦስተኛው ማግኔት የሚባል ነገር የለውም። ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሽፋን በሁለት ወንፊት መሳይ ብረቶች መሐል ተወጥሮ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል እየተሳበና እየተገፋ ነው ድምፅ የሚሰጠው። ስለዚህ የራሱ የኃይል ሣጥን አለው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ድርግም ይላል።

ነጋዴው ከዕቃው ጋር አንድ ወረቀት ልኳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከምንጭ ውሃ የጠራ ነው ይላል። ባዘዘው ይህን ወረቀት ባነበበው ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። ከሰኞ ጀምሮ አንድ የደብረ ወርቅ የማኅሌት ካሴት ቴፑ ላይ እያደረገ፣ አንዱን እያወለቀ ሌላውን እያጠለቀ ጆሮው እስኪቀላ ሰምቷል። የሰማው ልዩነት የከበሮው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ከበሮው ደረት ይመታል፤ በሁለተኛው መጠነኛ ነው፤ በሦስተኛው ይሳሳል። ከዚያ በተረፈ ሦስቱም ያው ናቸው። ማክሰኞ ማታ ላይ ተናዶ ብዕር አነሣና፣ የመጀመሪያው ይበቃል፣ ሌሎቹ ስም ብቻ ናቸው ብሎ ጻፈ። ወረቀቱንም አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ አስቀመጠው።

ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ገዳሙ የሚባለው ደንበኛው ራዲዮኑን ለሦስተኛ ጊዜ መልሶ አመጣ። ያፏጫል አለ። አያፏጭም አለው ባዘዘው። ገዳሙ ከፈተውና ይኸው አለ፤ ባዘዘው ጆሮውን አስጠግቶ የቱ ጋ አለው። ገዳሙ መጀመሪያ የሚቀልድበት መስሎት ነበር። ኋላ ግን አየት አደረገውና ራዲዮኑን በብብቱ ይዞ፣ ግድ የለም ሌላ ቀን ይደርሳል ብሎ ወጣ። ባዘዘው ይህ ሰው ያለ ፉጨት አይኖርም ማለት ነው እያለ ብቻውን ሲነጫነጭ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ደረሱ።

መሪጌታ ከደብረ ወርቅ በሚኒባስ መምጣታቸው ነው። የድጓ መምህር ናቸው፤ ከባዘዘው በሰባት ዓመት ይበልጣሉ። ባዘዘው በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ቤት ሳለ ዜማ ያስቀጸሉት እሳቸው ነበሩና እስከ ዛሬ አንተ ነው የሚሉት። ብርድ ስለሚፈሩ ነጭ ሻሻቸውን ከግንባራቸው አንሥተው ሁለቱንም ጆሮዎቻቸውን አልፎ እስከ ማጅራታቸው ጠምጥመውታል። የአመጣጣቸውን ገና ሳይናገሩ ከማዳመጫው የሚያመልጠውን ድምፅ ሰምተው፣ ይህማ የእኛ ማኅሌት ነው አሉ። ካሴቱ ሲቀዳ እሳቸውም ቆመው ነበር።

ባዘዘው የነገሩን አመጣጥ አስረዳቸውና፣ እስቲ እርስዎም ይስሙት አለ። በልቡ ግን፣ እሳቸውም ያው ናቸው ይሉልኛል፣ ነጋዴውም ያፍራል ብሎ ነበር።

«ጥምጥሙን ፈታ ያድርጉት እንጂ መሪጌታ» አለ።

«ሰው በሚያልፍበት በር ላይ ራሴን ገልጬ ልቀመጥልህ?»

«በሩን እዘጋዋለሁ።»

«ዘግተህስ? ይህን ለመጠምጠም ከንጋት ጀምሮ ስደክም ነው የዋልሁት። በላዩ ድፋው።»

«በላዩማ ግድግዳ ተደግፎ እንደ መስማት ነው። ይህ ዕቃ እንዲህ ሆኖ አይመዘንም።»

«አንተ ልጅ ሆነህም ነዝናዛ ነበርህ» አሉት። እጃቸውን ዘርግተው የመጀመሪያውን ራሳቸው አነሡና እንደ ዘውድ በጥምጥማቸው ላይ ደፉት።

ባዘዘው ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። ሦስት ቀን ሙሉ የለፋበት ነገር በአራት እጥፍ ሻሽ ላይ ሲቀመጥ ማየት ራስ ያሳምማል። ማዳመጫው ተንሸራተተ፣ መሪጌታ መልሰው አቀኑት። ጥቂት ሰሙና፣ ይህ ጉድጓድ ውስጥ ነው ብለው አወለቁት። ሁለተኛው ሲደፋ አንገታቸው ዘመም አለ። ይህ ይሻላል፣ ጸናጽሉም ይሰማል፣ ነገር ግን ከቅጽሩ ውጭ ነው አሉ። ሦስተኛውን ሲያደርጉ መብራት ጠፋ። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ባዘዘው የኃይል ሣጥኑንም መብራቱንም ነጋዴውንም በየተራ ረገመ፤ መሪጌታ ማዳመጫው ጥምጥማቸው ላይ እንዳለ ስለ ደብረ ወርቅ ዝናብ አወሩት። መብራቱ መጣ። ካሴቱም መዞር ጀመረ። መሪጌታ ወሬያቸውን አቋርጠው አዳመጡ። ቀኝ እጃቸው ሳያስቡት ከጉልበታቸው ተነሥቶ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች ማለት ጀመረ።

«ጸናጽሉ እዚህ አለ» አሉ። «ትንሽ ታፍኗል እንጂ አለ።»

«የቱ ጸናጽል?»

ነገሩ ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው ባዘዘው የሰማው።

መሪጌታ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁና እሱን አዩት። ከዚያም ደግመው አላሾፉበትም። ባዘዘው ራሱ አምና ለደብረ ወርቅ ተማሪዎቻቸው የገለበጠላቸው ካሴት ላይ ጸናጽል እንደሌለ ያኔ ነገሩት። ከበሮው አለ፣ ዜማው አለ፣ ጸናጽል የለም። ልጆቹ በዚያው እያጠኑ ነው። ክሩ አርጅቶ ይሆናል ብለው ዝም ብለው ነበር፤ የዛሬው አመጣጣቸውም አዲስ ቢገኝ ብለው ነው። ቅጂው የተወሰደበት ዋናው ካሴት ግን ይኸው፣ ጸናጽሉ እንዳለ አለ።

ባዘዘው ማዳመጫውን ተቀብሎ አጠለቀው። ያለ ጥምጥም፣ ያለ ነጠላ፣ በባዶ ጆሮው። ከበሮው ከሩቅ ድም ድም ይላል። ሌላ ነገር የለም። አወለቀና ሽቦውን አየ፣ ሶኬቱን ነቅሎ ሰካ፣ ሄዱን በአረቄ ጠረገ፣ እንደገና አጠለቀ። ድም ድም። ወጣት ሳለ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎችን ከጎናቸው ቆሞ እስከ መጨረሻው እየከፈተ የሚሞክርበት ዘመን ነበር፤ ያን ጊዜ ሰዎች ጆሮህን ጠብቅ ሲሉት ይስቅ ነበር።

«ይህች ብሎን ምንድን ናት?» አሉ መሪጌታ።

«እሷ ናት ድምፁን የምታፍነውም የምትፈታውም።»

«እንግዲያው አዙራት፤ እኔ እነግርሃለሁ።»

ሦስተኛውን ማዳመጫ መልሰው በጥምጥማቸው ላይ ደፉ። ባዘዘው ካቻቢቴውን አነሣ። እንደ ተማሪ አጎነበሰ፤ መሪጌታም ዜማ እንደሚያርሙ ሁሉ፣ ወደ ቀኝ አሉት፤ አዞረ። ቀጥል። ቀጥል። አይ፣ አለፍህ፣ መልስ። ትንሽ። ከዚያም ያንሳል። ቁም።

ባዘዘው ቆመ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ፤ እጃቸውም እንደገና ተነሣ። ባዘዘው ያንን እጅ ብቻ ነበር የሚያየው። ጸናጽሉ መቼ እንደሚመታ ያወቀው ከእጃቸው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ካርዱን ከጠርሙሱ ሥር ሳያወጣ፣ ሦስቱን ማዳመጫዎች በካርቶናቸው ተሸክሞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደ። ከዚያ ሲመለስ ካርዱን ወስዶ ሆስፒታል እንደሚደርስ ለአሰገደች ነግሯታል። የማክሰኞውን ወረቀት ቀድዶ ሌላ ጽፎ ነበር። ማርያማዊት ቆማ አነበበችው። ሦስተኛው እዚህ ይቅር ይላል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እንደሚያስቸግርም ይናገራል። ከታች ደግሞ፣ ያዳመጡት መሪጌታ ወልደ ሰንበት ናቸው፣ እኔ ብሎኗን አዞርሁ፣ ይላል።

«እርስዎስ ምን ሰሙ?» አለችው።

«ከበሮውን» አላት።

ወረቀቱን አጥፋ ያዘችው። ሊገለበጡ የተዘጋጁትን ካሴቶች አወጣችለት። ባዘዘው ሳይነካቸው፣ መሪጌታ ሲመጡ አብረን ነው የምንወስዳቸው ብሎ ወጣ።

በር ላይ ባጃጅ ያዘ። ሾፌሩ ወዴት ሲለው በሱቄ በኩል ሆስፒታል ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ብሎኗ ትዝ አለችው። መሪጌታ ቁም ባሉበት ቦታ ናት። አንድ ሰው ገብቶ ጠረጴዛውን ቢገፋ፣ ቴፑ ቢናወጥ፣ እሷን የሚመልስ ጆሮ ደብረ ወርቅ ነው ያለው። መጀመሪያ የመሪጌታን ልጆች ካሴት ልገልብጥ፣ ካርዱንም ያኔው እወስደዋለሁ አለና ወደ ሱቄ አለው።

ገብቶ በሩን ዘጋ። ዋናውን ካሴት በአንደኛው ቴፕ፣ ባዶውን በሌላኛው ከተተና ሁለቱንም ቁልፎች ተጫነ። ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አንዱ ገጽ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ገጹን ገልብጦ ሲያበቃ የግድግዳው ሰዓት አራት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ካርዱም ከአረቄው ጠርሙስ ሥር እንዳለ አለ።