እህቴን አዝዬ የወደቅሁ ዕለት

ይህ ለሰው የሚነገር ታሪክ ነው ወይ? እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ትናንት ከዩኒቨርሲቲ ግቢያችን በር አጠገብ ባለ ልብስ ሰፊ ቤት ሳልፍ ግን በካውያ የተተኮሰ አዲስ ጨርቅ ሸተተኝና፣ እናቴ ባሕር ዳር ከልብስ ሰፊው ጋር የተጨቃጨቀችበት ቀን ትዝ አለኝ።

እህቴ አምስተኛ ክፍል ልትገባ ነበር። አዲሱ የደንብ ልብሷ ቀሚስ በግራ ረዝሞ፣ በቀኝ አጥሮ ተንጠለጠለ።

«ሐጂ፣ ዘንድሮስ ዓይንዎ ደከመ» አለች እናቴ።

ሽማግሌው ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ሁለት ጊዜ ለኩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ጨርቁስ ልክ ነው። ልጅቱን ሐኪም ይያት» አሉ።

ቤታችን ምክንያት ፍለጋ ገባ። አባቴ የእህቴን የትምህርት ቤት ቦርሳ አንሥቶ፣ «ይኼ የመጽሐፍ ነው ወይስ የጤፍ ኩንታል?» አለ። እናቴ አተኛኘቷን ወቀሰች። ጎረቤታችን የሰው ዓይን ነው አሉ። ምክንያቱን የማውቅ ግን እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ስድስት ዓመቴ ሳለ እሷን አዝዬ ጣና ዳር እርጥብ ድንጋይ አንሸራትቶኝ በጀርባዬ ወድቄያለሁ። ከሥሬ እሷ ነበረች። ደንገሉ መሐል ተደብቄ ለቅሶዋን አባበልሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። የእህቴ አከርካሪ ወደ ጎን ጎበጥ ብሎ ታየ።

«ስትወለድ ችግር ነበረባት? ሳል፣ ትኩሳት? ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ አለ?»

እናቴ «የለም» ባለች ቁጥር «አሁን ልናገር» እል ነበር። በመጨረሻ ሁሉንም ዘረገፍሁት።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ማዘል የሚያጣምም ቢሆን ጎጃም በሙሉ ጎባጣ ነበር። አጥንቷ ተሰብሮ ቢሆንም ምልክቱን እዚህ ባየሁት። ከልደት ጀምሮ አጥንቱ ሳይስተካከል የሚቀር አለ፤ ጡንቻው የሚደክም፣ ቲቢ አከርካሪውን የሚጎዳውም አለ። እሷ ላይ ግን አንዱንም አላየሁም። በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም።»

እናቴ አልተቆጣችኝም። «እኔ ደግሞ እርጉዝ ሳለሁ ከባድ ዕቃ አንሥቼ ነው እያልሁ...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

በሐይቁ ዳር በእግር ስንመለስ ነፋሱ የዓሣ ጥብስ ሽታ ያመጣ ነበር። እህቴ እስክትቀየመኝ እጠብቅ ነበር። እሷ ግን፣ «ያን ጊዜ አንቺንስ አላመመሽም?» አለችኝ።

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። «ክርኔ ደምቶ ነበር» አልኋት።

«የቱ?» ብላ እጅጌዬን ሰበሰበችና አገላብጣ አየችው። «ምንም የለውም እኮ!»

ሐኪሙ ያዘዘላትን ጠንካራ የፕላስቲክ የጀርባ ደጋፊ ሦስት ዓመት ለበሰች። ጧት ጧት ማሰሪያውን የማጠብቅላት እኔ ነበርሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እናቴ ተረከበችኝ። ቁመቷ መጨመሩን ሲያቆም ሐኪሙ አስወለቃት። ትንሽ ጎበጥ ማለቱ ግን አልጠፋም። በስልክ እየሳቀች፣ «እንግዲህ ማሰሪያ የለኝም፤ ምን ልታጠብቂልኝ ትመጫለሽ?» አለችኝ።

ይህን ያለችኝ ዘንድሮ፣ ጥር ሦስት ቀን ነበር።