ሱቄን አረንጓዴ ያስቀባሁ ሰሞን

አረንጓዴው ግድግዳ ያስከፈለኝ ይህ ነው፦ ሁለት ጣሳ ቀለም፣ የቀቢ የሦስት ቀን ዋጋ፣ የአንድ ትልቅ ሰርግ ልብስ፣ ከዚያም መጋላ ገበያ ውስጥ ለዓመታት ያጠራቀምኩት «ብልህ ነጋዴ» የሚል ስም። ቀለሙ እንኳ እንደ ስሙ ቶሎ አልለቀቀም።

ድሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የማያቅድ ሰው የለም። ጫቱ ሲይዘን ፎቅ እንሠራለን፣ መርከብ እንገዛለን፤ ጀንበር ስትጠልቅ ሁሉንም እንረሳዋለን። ከተማዋ ሰላም የምታድረው በዚህ መርሳት ነው። እኔ ግን አንድ ቀን የምርቃና ሐሳብ ሳልረሳ አደርኩ።

ሐሳቡን ያመጣው አብሮኝ የሚቅም፣ ፈረንሳይኛ የሚያነብ የቢሮ ጸሐፊ ነው።

«ቀይ ደም ያፈላል» አለኝ። «ቢጫ ያቅበጠብጣል። አረንጓዴ ግን ልብ ያሳርፋል። ልቡ ያረፈ ሰው ዋጋ አይከራከርም።»

ዋጋ የማይከራከር ገዢ! ድሬ እንዲህ ያለ ፍጡር አይታ አታውቅም።

«መጽሐፍ ላይ ነው ያለው?»

«ያውም በፈረንሳይኛ!»

በቃ፣ አመንኩ። በዚያው ሳምንት አንዲት የመጋላ እናት ለልጇ ሰርግ የቤተሰቡን ልብስ በሙሉ ከእኔ ልትገዛ ቀጠሮ ይዛ ነበር። የዓመቱ ተስፋዬ እሷ ነበረች። ግድግዳውን ሳትመጣ አስጨረስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጇንና እህቷን አስከትላ ገባች። እውነትም ተረጋጉ። ተቀመጡ፣ ውሃ ጠየቁ፣ ዋጋዬን ሰምተው አንዲት እርግማን አልወጣቸውም። ለጸሐፊው ምን ገዝቼ እንደማመሰግነው ማሰብ ጀመርኩ። ሙሽራዋ ሮዝ ሐር ጉንጯ ላይ ይዛ መስተዋት ፊት ቆመች። ፀሐይ በበሩ ገብታ ግድግዳውን መታች፤ አረንጓዴው ተመልሶ የልጅቷ ፊት ላይ አረፈ።

«ኡሚ፣ ፊቴ ምን ሆነ?»

እናት የልጇን ግንባር ዳሰሰች። «ወላሂ ወባ ነው!»

«ጉበቷ ነው» አለች አክስት፣ እንደ ሐኪም። «ሰርጉ ይራዘም።»

«ኧረ ግድግዳው ነው፣ እናቴ!» ብዬ ሙሽራዋን ወደ ውጭ አስወጣኋት። ፀሐይ ላይ እንደ ሮማን ፈካች። እናት መጀመሪያ ልጇን፣ ቀጥላ ግድግዳዬን፣ በመጨረሻ እኔን አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ልጅ አስገብቼ በሽተኛ ልታስረክበኝ ነው?»

ማዶ ያለው ጨርቅ ሻጭ ጎረቤቴ ሱቁ ጥላሸት ለብሷል፤ መስተዋትም የለው። ሁሉንም ከእሱ ገዙ። ሲመሽ በሩ ላይ ቆሞ ጮኸ፦ «አቦ ዶክተር! ዛሬ ስንት ሰው አሳመምክ?»

ጸሐፊውን ያዝኩት። ጉንጩን እንደሞላ አየኝ።

«አቦ፣ መጽሐፉን ገና አንብቤ አልጨረስኩትም እኮ።»

ግድግዳውን ኖራ አስቀባሁት። ሰርጉ ተደገሰ፤ አልተጠራሁም። መጽሐፉ ግን አልዋሸም፤ ሴቶቹ ሳይከራከሩ ነው የሄዱት።

የሒሳቡ መዝጊያ፦ ሦስት ጣቃ ሮዝ ሐር መደርደሪያ ላይ፣ ግማሽ ጣሳ አረንጓዴ ቀለም ጓዳ ውስጥ። የተሸጠ፣ ምንም።