አልጋው ላይ አልወጣም ያለችው ጫልቱ

ለተግባር ልምምድ የተላክሁበት ጤና ጣቢያ ከሀገረ ሕይወት ከተማ ብዙም አይርቅም፤ ጤና ጣቢያው ያለባትን ትንሽ ከተማ ስም ልተወው። በመጀመሪያው ቀን ነጭ ጋዋኔን ተኩሼ ገባሁ። የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አሰገደች ከላይ እስከ ታች አየችኝና የቆሸሸ አንሶላ አሸከመችኝ።

"ተማሪ እጇን የምታፍታታው በሳሙና ነው" አለች። ዘበኛው ሳይቀር ሳቀ።

አዋላጅ ሆኜ ለመመረቅ በእሷ ፊት በእጄ ማዋለድ ነበረብኝ። ካልሆነ ዓመቱን እደግማለሁ፤ አባቴ ደግሞ ሌላ ዓመት አይታገሠኝም። እሷ ግን ምጥ በመጣ ቁጥር በሩን ትዘጋብኛለች። እኔ ውጭ፣ ያኔ ታጥቦ ደጋግሞ የሚሠራበትን የጎማ ጓንት አጥባለሁ፣ ውሃ ሞልቼ ቀዳዳ እፈልግበታለሁ፣ አድርቄ ፓውደር እነሰንስበታለሁ።

አንሶላውን የማጥበው ወንዝ ወርጄ፣ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ነበር። እኔ ኦሮምኛ እችላለሁ፤ ሲስተር አትችልም። ለምን ጤና ጣቢያ መጥተው እንደማይወልዱ ጠየቅኋቸው። ቤታቸው የሚወልዱት ተንበርክከው፣ ምሰሶ ይዘው ነው። ሲስተር ከፍ ያለ አልጋ ላይ በጀርባቸው ስለምታስተኛቸው እንወድቃለን ብለው ይፈራሉ።

ይህን ለሲስተር ነገርኳት። "ወንዝ የላክሁሽ ወሬ እንድትለቅሚ ነው?" አለችኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጫልቱ የምትባል ሴት ምጥ ይዟት መጣች። የደገፈቻት አማቷ፣ እንደ አያት አክብረን "አኮ" የምንላት አኮ ብርቄ ናት፤ ወንዝ ላይ አብረን እናጥባለን። ጫልቱ አልጋው ላይ አልወጣም አለች። ሲስተር ተቆጣች። አኮ ብርቄም ምራቷን ይዛ ወደ በሩ ዞረች።

"ይቺ አንሶላ አጣቢዋ ታዋልዳት፤ አለዚያ ቤታችን እንሄዳለን" አለች በኦሮምኛ። ያስተረጎምኩት እኔው ነኝ። አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ሲስተር ጓንት አቀበለችኝ። "እሺ። ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።"

ላስቲክና የታጠበ አንሶላ ወለሉ ላይ አነጠፍኩ። ጫልቱ የአልጋውን እግር ጨብጣ ተንበረከከች። ሕፃኑ ወጣ፤ አላለቀሰም። አፉን ጠረግሁ፣ ጀርባውን አሸሁ። አሁንም ዝም። እንደገና አሸሁ። አለቀሰ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከኋላዬ "እፎይ" ያለችው ሲስተር ነበረች።

ወዲያው ግን ድምፅዋን አስተካከለች። "ጓንቱን ሳታጥቢ እንዳትሄጂ።"

አጠብኩት። እንደዚያ ቀን እየሳቅሁ ጓንት አጥቤ አላውቅም።

ሲስተር ፈረመችልኝ፤ ተመረቅሁ። ከብዙ ዓመታት በኋላ እኔም ጡረታ ስወጣ፣ ያረጀችው ሲስተር በሽኝቴ ላይ ተነሥታ "በእጄ ያሳደግኋት ልጅ ናት" አለች። ተጨበጨበላት፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። አሁን ግን ልናገር፤ ያስተማሩኝ ወንዝ ዳር የሚያጥቡት ሴቶች ናቸው።

ለልምምድ የምትወጡ ተማሪዎች፣ አንሶላ ቢሰጧችሁ እጠቡ። አጠገባችሁ የሚያጥበውን ሰው ግን አነጋግሩ።