ሽማግሌ የተላከበት አማካይ

ቁይ ከተማ ላይ አራት ለባዶ ተሸንፈን የተመለስን ዕለት ከመኪና ወርጄ ቤቴ አልገባሁም። ከከተማችን ከሉማሜ መናኸሪያ እስከ ኳስ ሜዳው፣ ከሜዳው ተመልሼ እስከ አስፋልቱ ስመላለስ ቆየሁ። ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ አዘዝኩና ሳልቀምሰው ወጣሁ። ያገኘኝ ሁሉ «አሰልጣኝ፣ ምን ነካችሁ?» ይለኛል። ምን እንደነካን እኔም አውቃለሁ፣ ጠያቂውም ያውቃል። በረኛችን ደህና ነው። ተከላካዮቻችን ቢያንስ ይጋፋሉ። አጥቂያችን ኳስ ካገኘ ያገባል፤ ግን ኳስ አያገኝም፣ ምክንያቱም መሃል ሜዳችን ሞቷል። መሃል ሜዳው ላይ ያለው ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነው።

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ከክፍል ስወጣ የከተማውን ቡድን አሰለጥናለሁ። ወንድሜ ወፍጮ ቤት አለው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጫማ የገዛልኝም፣ ኳስ መምታት ያስተማረኝም፣ ስጠፋ ፈልጎ የገረፈኝም እሱ ነው። በደህናው ጊዜ ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ገበያተኛው ሸቀጡን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ ሊያየው ይመጣ ነበር። አሁን አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ጉልበቱ ያብጣል፤ በጨዋታ ማግስት የወፍጮ ቤቱን ደረጃ እግሩን እየጎተተ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት አሰልጣኞች ይህን እያዩ አልፈውታል። ባዕድ ያልደፈረውን እኔ ወንድሙ እንዴት አድርጌ ልድፈር?

ነገሩ የእሱ ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደምንም በቻልነው። ግን ግራ አማካያችን አበልጁ ነው፤ የልጁን ክርስትና ያነሳለት ወንድሜ ነው። ቀኝ አማካያችን ደግሞ እዚያው ወፍጮ ቤት እየሠራ ያደገ ነው። ሁለቱም ሲሮጡ ቢውሉ አይደክማቸውም። ይሁን እንጂ ኳስ እግራቸው እንደደረሰች ቀና ብለው ወንድሜን ይፈልጋሉ። ፊት ለፊታቸው ሜዳው ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ አጥቂያችን እጁን እያወዛወዘ እየጮኸ፣ እነሱ ዞረው ለወንድሜ ይሰጣሉ። ከታላቅ ቀድሞ እጁን ወደ ማዕድ እንደማይሰድ ሰው፣ እሱ ሳይነካት ኳሷን ወደ ፊት መላክ ነውር ይመስላቸዋል። ወንድሜ ኳሷን ይቀበልና እግሩን ይጭንባታል። ረጋ ብሎ ግራ ቀኙን ያያል። እሱ ሲረጋ እኔ መስመሩ ላይ እቃጠላለሁ። አይቶ እስኪጨርስ የተጋጣሚ ልጆች ከበውት ኳሷን ነጥቀው ሄደዋል።

ቁይ ላይ አንዴ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ልቀቃት እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ሜዳው ዙሪያ የቆመው ሰው ጨዋታውን ትቶ እኔን አየኝ። ከኋላዬ አንድ አዛውንት «ታላቅ ወንድሙ አይደለም እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ እሱ በተሳሳተ ቁጥር ግራ አማካዩን መቆጣት ጀመርኩ። በማን ፈንታ እንደምቆጣው ገብቶት ነበር መሰለኝ፣ አንድም ጊዜ አልመለሰልኝም።

ያልሞከርኩት መላ የለም። ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ የአውሮፓ ጨዋታ ሳይ ሰው ጎሉን ያያል፣ እኔ የአማካዮቹን እግር አያለሁ። የሻይ ብርጭቆዎች ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ መሃሉን አራት አደረግኩት፣ መልሼ ሁለት አደረግኩት፤ ብርጭቆ ሰብሬም አስተናጋጇ ተቆጣችኝ። ወንድሜን ወደ ኋላ ሳብኩት፤ ኳሷ ተከትላው ወደ ኋላ ሄደች። ወደ ክንፍ አወጣሁት፤ ቡድኑ በሙሉ ወደ ክንፍ አዘመመ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ «ዛሬ ለጋሼ ማቀበል ክልክል ነው» ብዬ ሕግ አወጣሁ። ወንድሜ ጨዋታ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። ልጆቹ ለእሱ ማቀበል ተከልክለዋል፣ እሱን ዘሎ ማቀበል ደግሞ ከበዳቸው፤ ግራ ሲገባቸው ኳሷን እየደጋገሙ ወደ ውጭ አወጧት።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን ማስወጣት። ከውድድሩ ከወደቅን ቡድኑ እንደሚበተን ኮሚቴው በግልጽ ነግሮኛል። የቀሩን ጨዋታዎች አንዱ ይጁቤ ከተማ ሄደን፣ የመጨረሻው በራሳችን ሜዳ ነበሩ። ቡድኑን ላድን ካልኩ ወንድሜን ላጣው ነው፤ ወንድሜን አላስቀይምም ካልኩ ቡድኑ ሊፈርስ ነው። ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ፣ ተማሪዎቼን አሰልፌ ፊሽካዬን አፌ ላይ እንደያዝኩ ሳልነፋ እቆም ነበር።

ልነግረው ቤቱ ሄድኩ። ምሳ ቀረበ። ገና አፌን ሳልከፍት እሱ ራሱ «መሃሉ ላልቷል» አለኝ።

ልቤ ዘለለ። «አዎ ጋሼ፣ እኔም እሱን ልል ነበር የመጣሁት።»

«አበልጄ ሩጫ ያበዛል፤ ምከረው። ኳስ የሚይዝ ሰው ያስፈልገናል። እኔ ብቻዬን ስንቱን እችላለሁ?» አለና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። እሱን ሳላምጥ ሌላ ደገመኝ። ልናገር የመጣሁትን ከጉርሻው ጋር ውጬ ተመለስኩ።

እኛ አገር ለታላቅ ፊት ለፊት የማይባል ነገር ሲኖር የሚደረገው ይታወቃል፤ ሽማግሌ ይላካል። ለጋብቻ ይላካል፣ ለድንበር ይላካል፣ ለደም ይላካል። ለአማካይ ቦታ ተልኮ ሲያውቅ ግን አልሰማሁም። ቢሆንም ጭንቅ ይዞኛልና የእናታችንን ወንድም፣ አንድ መሪጌታ እና ጡረታ የወጡ መምህር ለምኜ ሰበሰብኩ።

«ጠባችሁ ምንድን ነው?» አሉ መሪጌታው።

«ጠብ እንኳ የለንም።»

«ጠብ ከሌለ እኛ ምን ልንሠራ እንሄዳለን?»

«መሃል ሜዳውን እንዲለቅልኝ ትለምኑልኝ ብዬ ነው።»

መሪጌታው አጎቴን አዩ፤ አጎቴ አፈሩብኝ። «ስለ ኳስ ብለን የሰው ደጅ አንረግጥም» አሉኝ። «ይልቅስ ቅያሜ ካለህ አውጣው።»

ትተውኝ እንዳይሄዱ ፈራሁ። «ትንሽ ቅያሜማ አለ» አልኩ።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲያ አትልም!» አሉ መምህሩ። የሦስቱም ፊት ፈካ። የሚያውቁት ሥራ ተገኘ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንድሜ ቤት ገቡ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ በረንዳ ቁጭ ብድግ እያልኩ ጠበቅኋቸው። ባለሱቁ አንድ ነገር ልገዛ መስሎት ሦስት ጊዜ «ምን ልስጥህ?» አለኝ። ሲወጡ ሮጬ ደረስኩባቸው።

«በክብር ተቀብሎናል። ቀጠሮም ሰጥቶናል» አሉ አጎቴ።

«ለመቼ?»

«ለሚመጣው እሁድ።»

የይጁቤ ጨዋታ ቅዳሜ ነው። «አባቶቼ፣ እባካችሁ ከቅዳሜ በፊት ቢሆንልኝ» ብዬ ለመንኩ። «ሰው እኮ ተመካክሮ ነው የሚታረቀው፤ ምን ያጣድፍሃል?» ብለው ተቆጡኝ።

ቅዳሜ ይጁቤ ላይ ወንድሜ እንደዚያ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። ከበፊቱም ባሰበት። ኳስ በአጠገቡ ስታልፍ ቆሞ ይሸኛታል። አበልጁ ሲያቀብለው ሌላ ነገር እያየ ነው። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ስንመለስ ሁልጊዜ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ሰው ከሹፌሩ ጎን ሄዶ ተቀመጠ። እኔም ሽማግሌዎቹ የላክሁትን ነግረውት ተቀይሞኛል አልኩ። ሉማሜ እስክንደርስ ዞሮ አላየኝም።

በቀጠሮው እሁድ ተጠራሁ። ገና ከደጃፉ ስገባ አጎቴ «እግሩ ላይ ውደቅ!» አሉኝ። ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። ወንድሜ ሳልደርስ ትከሻዬን ይዞ አነሳኝና አቅፎ ሳመኝ። መሪጌታው ረጅም ምርቃት መረቁን፤ ወንድማማችን የሚለያይ ሰይጣን ተረገመ፤ ጠላ ተቀዳ። ስለ መሃል ሜዳ ግን አንድ ቃል ያነሳ የለም። ሦስቱም አዛውንቶች ትልቅ ጠብ ያበረዱ ያህል ደስ ብሏቸው ወጡ። እኔ ጠላዬን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ያልነበረ ጠብ ታርቄያለሁ፣ አማካዩም እዚያው ነው።

ወንድሜ እስከ በሩ ሸኝቷቸው ተመለሰ። ፊት ለፊቴ ዱካ ላይ ተቀመጠና «በል፣ አሁን ብቻችንን ነን። የቱን ነው የምትፈልገው?» አለኝ።

«የምን የቱን?»

«ማሳውን ነዋ! የአባታችንን መሬት እንድንካፈል አይደለም እንዴ ሽማግሌ የላክህብኝ? እነሱን ብጠይቃቸውም ‹ቅያሜ አለው› ብቻ ብለው አለፉኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የወንዙን ዳር ለአንተ፣ ድንጋያማውን ለእኔ ብዬ ጨርሻለሁ፤ ባለቤቴም ተስማምታለች። ግን እኔ ለአንተ ሽማግሌ የሚላክብኝ ሰው ነኝ? ብትጠይቀኝ መች እነፍግህ ነበር?»

እፍረት ከእግር ጥፍሬ እስከ ራሴ ወጣ። መሬት በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ይጁቤ ላይ ሜዳ መሃል ቆሞ ያየው የነበረው ማሳውን ነበር ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ስለ መሬት አይደለም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ መሬት አልፈልግም። መሃል ሜዳውን እንድትለቅልኝ ነው።»

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ጉልበቱን በመዳፉ አሸ። ከዚያ ቀና ሳይል «መሬቱን ውሰድ» አለኝ። «መሃሉን ግን ተውልኝ።»

ያሳደገኝ ሰው ሲለምን ያን ቀን ነው የሰማሁት። እንባዬ መጣ። ለዚህ ሰው ያለውን ሁሉ እሺ ስል ኖሬያለሁ፤ አሁንም እሺ ማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «አልችልም ጋሼ» አልኩት። ጠላውን ሳልጨርስ ወጣሁና በእግሬ የከተማውን ጫፍ አልፌ ሄድኩ፤ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ነበር።

በመጨረሻው ጨዋታ ቀን ወንድሜ አይመጣም ብዬ ነበር። ከሁሉም ቀድሞ መጣ። ማልያውን ለብሶ፣ ታኬታውን አጥብቆ አስሮ፣ ጤና ይስጥልኝ ብሎ ሰላም አለኝና ተጠባባቂ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በእሱ ቦታ አንድ ፈጣን ጎረምሳ አሰለፍኩ። ሰው ሲያጉረመርም ይሰማኛል።

ጨዋታው ተጀመረ። ግራ አማካዩ ኳስ አገኘ፤ ቀና አለ፤ መሃል ላይ ያለውን ጎረምሳ አላየውም፤ ዞሮ ወደ ተጠባባቂ ወንበሩ አየ። ኳሷን ተነጠቀ። ቀኙም እንዲሁ አደረገ። ወንድሜን ከሜዳ አውጥቼው እነሱ ግን ከዓይናቸው አላወጡትም። ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ። ባዶ ለባዶ እረፍት ወጣን። አቻ ደግሞ አያድነንም። «ጋሼን አስገባ!» ይላል ሕዝቡ። ከእረፍት መልስም ያው ሲሆን እጄን ሰጠሁ፤ ወደ ወንድሜ ሄጄ «ተነሣ፣ ሰውነትህን አሟሙቅ» አልኩት።

አልተንቀሳቀሰም። «የሚያዩት እኔን ነው» አለኝ በቀስታ። «አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

ያኔ ተነሣ። ሊገባ ነው ብሎ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። እሱ ግን ዞረ። ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ከኋላችን ካለው የባሕር ዛፍ ጋር ፊት ለፊት ቆመ። ጭብጨባው ቀስ እያለ ሞተ። አበልጁ ኳስ አገኘ፤ እንደ ልማዱ ወደ እኛ አየ፤ ያገኘው ጀርባ ነው። ኳሷን ተነጠቀ። እንደገና አገኘ፣ እንደገና አየ፣ ያው ጀርባ። በቀጣዩ ግን ዞር አላለም። ለጎረምሳው አቀበለው፣ ጎረምሳው ለቀኙ፣ ቀኙ መልሶ ለአበልጁ፤ እሱም በተከላካዮቹ መሃል ሰነጠቃት፤ አጥቂያችን ብቻውን ደረሰባትና አገባ። ሜዳው ተናወጠ። ሰው ላዬ ላይ ተከመረ። በሰው ክንድ መካከል አጮልቄ ያየሁት ወንድሜን ነው። ጩኸቱን ሲሰማ ትከሻው ደንገጥ አለ፤ ግን አልዞረም።

ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ እስኪነፋ እንደዚያው ቆመ። ሰው ወደ ሜዳው ሲጎርፍ እኔ ወደ እሱ ሄድኩ።

«አለቀ?» አለኝ ፊቱን ሳይመልስ።

«አለቀ ጋሼ። አንድ ለባዶ። ተርፈናል።»

«ከዚያ በኋላ ልጆቹ ወደ እኔ አላዩም?»

አይተዋል ብዬ መዋሸት ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። «አላዩም» አልኩት።

«ደግ» አለ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የታኬታውን ክር መፍታት ጀመረ። አጥብቆ አስሮት ስለነበር ክሩ እምቢ አለው። ተንበርክኬ ፈታሁለት።