የሌለው ጡቴ ሲያሳክከኝ

አዲስ አበባ ሄጄ ግራ ጡቴን ካስቆረጥኩ በኋላ፣ ቡታጅራ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት የሌለው ጡቴ ያሳክከኝ ጀመር። እጄን ስልክ የማገኘው ፋሻ ብቻ ነው። ጠባሳው ቢሆን እሺ፤ የሚያሳክከኝ ግን ጫፉ ነው፣ አራት ልጅ ያጠባሁበት ጫፍ።

ቁስሌን የምታጥብልኝ ነርስ "ነርቩ እኮ ገና መቆረጡን አልሰማም፤ ቀስ ብሎ ይለምዳል" አለችኝ። ሳቅኩላት። የሳቅኩት ግን ፈርቼ ነው፤ እብደት እንዲህ ይሆን የሚጀምረው እያልኩ።

በርበሬ ነጋዴ ነኝ፤ ምላሴም ከሸቀጤ አያንስም። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ሴቶች ሙዛቸውን አስቀምጠው ዓይናቸውን ደረቴ ላይ ሲተክሉ፣ "ቀኙ አለላችሁ፣ እሱን እዩ" እላቸው ነበር። ለባሌ ግን ምላስ አጣሁ። ከተመለስን ጀምሮ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ ይተኛል። "ቁስልሽን እንዳልነካብሽ" ይላል። ቁስሉ ደረቀ፣ እሱ ግን ከፍራሹ አልተነሳም። ተጸየፈኝ አልኩ። ከበሽታው ይልቅ ይህ አመመኝ።

ክረምት ሲገባ ባሰብኝ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ያ ባዶ ቦታ ይበርደኛል፤ ብርድ ልብስ ብደርብበትም አይሞቅም። አንድ ቀን ምሳ ላይ "ጭቃ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለኝ፤ ጉንዳን ሲሄድበት ሁሉ ይሰማኛል" የሚል ቃል አመለጠኝ። ባሌ የቆረሰው ቆጮ እጁ ላይ ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አፉ በይኝ" አለ። "ሆስፒታሉ አቃጠለው ያልኩሽ ውሸት ነው። የሰው ገላ ነው፣ መቀበር አለበት ብዬ ለምኜ ወሰድኩት። አንቺ እዚያ ተኝተሽ ሳለ መጥቼ፣ በነጭ ጨርቅ ገንዤ እናትሽ ጎን ቀበርኩት። በዚያው እጄ ተመልሼ እንዴት ልንካሽ?"

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይህ ነው። በቁሜ መቃብር አለኝ! ጮህኩበት፣ ሰደብኩት። ሲደክመኝ "ውሰደኝ" አልኩት።

እናቴ ጎን ያለው አፈር የጨቅላ መቃብር ያህላል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ጉንዳኖች ተሰልፈው ያቋርጡታል። ፀጉሬ ቆመ። መቃብሩ ቀሪውን ገላዬን የሚጠራ መስሎኝ ልሸሽ ስል ማሳከኩ መጣ፤ እንደዚያ ቀን አሳክኮኝ አያውቅም። ተንበርክኬ አፈሩን በጥፍሬ ቧጠጥኩት። ቀለል አለኝ። ወላሂ፣ ቀለል አለኝ።

ባሌ ቆሞ ያየኛል። አበደች ብሎ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ። ሱሪውን ሰብስቦ አጠገቤ ተንበረከከና ጣቶቹን ጭቃው ውስጥ ከተተ።

"እዚህ ጋ ነው?" አለኝ።

"ትንሽ ዝቅ በል" አልኩት።

ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ባሌ ሲነካኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።