ሰባት ያለው እሱ ብቻ ነበር

እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ሺሺንዳ ከተማ ሱቅ አለው፤ እኛ ቤት ሒሳብ የሚሠራው በአፍ ነው፣ ደንበኛው እጁን ኪሱ ሳይከት መልሱ ይነገረዋል። እና ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኮምፒውተር ሳይንስ ስማር፣ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ የሚባለው ኮርስ ሲመጣብኝ ደሜ ፈላ። አንድ ነገር ለማስላት መስመሩን ሙሉ ትጽፋለህ፣ አንዲት ቦታ ብቻ ትቀይራለህ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደገና ሙሉውን ትጽፋለህ። ኧረ በአላህ! ማሽኑ በቅጽበት የሚጨርሰውን እኔ ለምን ደረጃ በደረጃ በእጄ እከተለዋለሁ?

አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ግን ይህንኑ ነበር የሚወደው። ቤተሰቦቹ ከዋጫ ከተማ ወጣ ብሎ ቡና የሚያለሙ ናቸው። ቤታቸው የሚወራው የካፋው ቋንቋ ካፊኖኖ ስለሆነ አማርኛ ሲናገር ቃሉን መርጦ፣ ቀስ ብሎ ነው። “አንተን ስጠብቅ አረጀሁ እኮ” እለዋለሁ። ይስቃል እንጂ አይቸኩልም። ኮምፒውተር ላብ ውስጥ መብራት ሲጠፋ እኛ ሻይ ቤት ስንሮጥ፣ እሱ ስክሪኑ ላይ የነበረውን መስመር ወረቀት ላይ ከቆመበት ይቀጥለዋል። ሳልነግረው እቀናበት ነበር።

ፈተና ላይ አንዲት አጭር ጥያቄ መጣች። ዘጠኝ፣ አራት፣ ሁለት የተደረደሩበት ዝርዝር አለ፤ ከቀኝ በኩል ጀምረህ እየቀነስክ ጠቅልለው፣ መነሻህ ዜሮ ነው፤ ውጤቱ ስንት ነው? እኔ ከዘጠኝ አራት፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ቀንሼ፣ ሦስት ብዬ ወጣሁ። ክፍሉ በሙሉ ሦስት ብሏል። ሰባት ያለው እሱ ብቻ ነው። ለካ ከቀኝ ሲባል መጀመሪያ ከሁለት ዜሮ ይቀነሳል፣ ሁለት ይሆናል፤ እሱ ከአራት ሲቀነስ ሁለት፣ እሱም ከዘጠኝ ሲቀነስ ሰባት። ችግሩ ልጁ መሃሉን አንድም መስመር አልጻፈም። ነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ሰባት ቁጭ ብላለች።

በዚያ ላይ ከፈተናው በፊት የቤት ሥራችንን ሰብስቦ መምህሩ ቢሮ ያስገባው እሱ ነበር። የፈተናው መልስ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አይቶ ነው፣ ተባለ። ወሬው እንደ ጉድ ተነዛ። ይህ ከተረጋገጠ ደግሞ ከትምህርቱ መባረር ነው፣ ቀልድ የለውም። “አፍ የለህም እንዴ? ተናገር እንጂ!” ብዬ ጮህኩበት። “ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ” አለኝ። ያበድኩት እኔ ነኝ።

መምህራችን ከጎጃም ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው። ቁጡ ናቸው፣ ፍርደ ገምድል ግን አይደሉም። ክፍል ገብተው እሱን አስነሱና፣ “ክስ አልጻፍኩም፣ ዝም ብዬም አላልፍም” አሉት። “አዲስ ጥያቄ ሰጥቼህ እዚሁ ጓደኞችህ ፊት ትሠራዋለህ። ካቃተህ ጉዳዩ ወደ ዲፓርትመንት ይሄዳል።” መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ኮምፒውተር ከፍቶ ማረጋገጥ የሚባል ነገር የለም፣ ያለው ሰሌዳና ጠመኔ ነው።

የጻፉለትን ሳይ ቆሌዬ ተገፈፈ። አምስት፣ ስምንት፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ አንድ ሲካፈል ለዜሮ። ከዚህ ዝርዝር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወስደህ ደምር። “ኤረር ነው!” አለ ከኋላ አንዱ። “በዜሮ ይካፈላል እንዴ?” እኔም በልቤ፣ በቃ አለቀለት፣ አልኩ።

እሱ መጻፍ ጀመረ። አምስትን አወጣ፣ የመደመር ምልክት አደረገ፣ ከቀሪው ዝርዝር አንድ መውሰድ እንደሚቀረው ጻፈ። ያቺን ለዜሮ የምትካፈል አንድ እንዳለች አስቀመጣት፤ አልነካትም። በሚቀጥለው መስመር ስምንትን አወጣ። ከዚህ በኋላ የሚወሰድ የለም፣ ያቺ ጉደኛ ግን አሁንም እንደተጻፈች ናት። ክፍሉ ይንጫጫል፤ “ኧረ ዜሮዋን እያት!” የሚለው ብዙ ነው። መምህሩ እጃቸውን አጣምረው መስኮቱ ጋ ቆመዋል፣ ከፊታቸው ምንም አይነበብም። ልጁ ዞር ብሎ አላየንም። የሚወሰድ ከሌለ የቀረው ባዶ ነው ብሎ ጻፈ፤ የባዶ ድምር ዜሮ ነው ብሎ ጻፈ። ክፍልፋይዋ ሳትሰላ ከመስመሩ ወጣች። አምስት ሲደመር ስምንት። አሥራ ሦስት።

“ሦስተኛውን ለምን አላሰላኸውም?” አሉት።

“አልተፈለገም፣ መምህር። ይህ የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ ያልተፈለገውን አያሰላም።”

ለካ ሆን ብለው ነው ያስቀመጡለት። መልስ የገለበጠ ሰው እዚያች ዜሮ ላይ ይሰበራል፤ የገባው ሰው ብቻ ትቷት ያልፋል። መምህሩ ፈገግታቸውን ዋጥ አደረጉና፣ “ታዲያ ፈተናው ላይ መሃሉን ለምን አልጻፍክም?” አሉ።

ልጁ እንደ ልማዱ ቃሉን መርጦ፣ “ጥያቄው ውጤቱ ስንት ነው ብቻ ነው የሚለው” አላቸው።

ወይ ጉድ! ያ ቁጡ ሰውዬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። “እውነትህን ነው፤ የጎደለው የኔ ጥያቄ ነው፣ ነጥብህ የራስህ ነው” አሉት ሁላችንም እየሰማን። እንዲህ ሰው ፊት ጥያቄዬ ጎዶሎ ነበር የሚል መምህር ከዚያ በፊት አላየሁም። እኔማ ዴስኩን እየደበደብኩ እልልታዬን አቀለጥኩት፣ ምንም አላፈርኩም።

ተመልሶ አጠገቤ ሲቀመጥ እስክሪብቶውን ሁለቴ አንስቶ ሁለቴም ከእጁ አመለጠው። ሰሌዳውን አየሁት፤ ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ወርዷል፣ አንዲት ቁጥር እንኳ አልተዛባችም።

“ፈርተህ ነበር እንዴ?” አልኩት።

“በጣም” አለኝ። “ግን የማስበው ቀጣዩን መስመር ብቻ ነበር።”