አራተኛው ቆርቆሮ

በ1976 ዓ.ም. ሦስት ሆነን ከአዲስ አበባ አንኮበር ስንገባ ሥራችን የአብዮቱን ፍሬ መቅረጽ ነበር። ፍሬው የት እንደሚገኝ የነገረን ስላልነበረ ያገኘነውን ሁሉ እንቀርጽ ነበር፦ የገብስ ክምር፣ የማኅበር ስብሰባ፣ ደግሞ ያንኑ የገብስ ክምር ከሌላ ጎን። እኔ የካሜራ ረዳት ነበርኩ። እጄን ጥቁር ከረጢት ውስጥ ከትቼ በዳበሳ ፊልም እለውጣለሁ፣ የተቀረጸውን በክብ ቆርቆሮ አሽጋለሁ። አዲስ አበባ ደርሶ እስኪታጠብ ድረስ ብርሃን ካየ አለቀለት። ቅጂ የለው፣ መተኪያ የለው።

ያረፍንባት ክፍል ጣሪያዋ ወንፊት ነበር። በአካባቢው ጨለማ፣ ቀዝቃዛና ቁልፍ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት። ስለዚህ ሃይማኖትን የሚነቅፈው ፊልማችን ከጽንሐውና ከጃንጥላው መካከል ተደረደረ። ጠባቂው ገብረ ጻድቅ ነበሩ፤ ስልሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ቁልፋቸውን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ነጭናጫ ሰው። ዕቃ ሲገባም ሲወጣም መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ይፈረምበታል። ጳጳስ እንኳ ቢመጣ ሳይፈርም ጧፍ አይሰጡም ይባላል።

“ነጭ ፕላስተር ያለው ያልተቀረጸ ነው፤ ቀዩ የተቀረጸ። ቀዩን ማንም እንዳይከፍተው” አልኳቸው።

“ገባኝ። ቀዩ የተባረከ ነው።”

“የተባረከ እንኳ አይባልም፣ ጋሼ።”

“ታዲያ ካልተባረከ ለምን አይነካም?”

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጃቸውን ሳይታጠቡ አንድም ቆርቆሮ ነክተው አያውቁም። እኛ ግን ቅባት በቅባት በሆነ እጃችን ነበር የምናቀብላቸው።

በአምስተኛው ቀን የብሔራዊ ውትድርና ምልምሎች ሽኝት ሆነ። የአካባቢው ካድሬ ዘርአ ዳዊት፣ ዳዊቱን ጥሎ “ጓድ ዘርአ” መባልን የሚወድ ሰው፣ ከሰልፉ ፊት በበቅሎ ካልሄድኩ አለ። ሄደ። አንዱ የቀበሌ ጥሩንባ ነፊ በቅሎዋ ጆሮ ሥር ሲነፋ በቅሎዋ ጓድ ዘርአን ከነማዕረጉ ጭቃ ውስጥ በአፍጢሙ ደፋችው። ሊወስዳቸው ከመጣው መኪና አጠገብ ተሰልፈው ለቅሶ የደረሱ የሚመስሉት ምልምሎች በአንድ ጊዜ በሳቅ ፈነዱ። ካሜራማናችንም፣ እግዜር ይስጠውና፣ ካሜራውን አላቆመም። በቅሎዋም፣ ጭቃውም፣ ሳቁም አራተኛው ቆርቆሮ ውስጥ ገቡ።

ከሚስቁት አንዱ ኪዳነ ማርያም ነበር፤ የገብረ ጻድቅ አንድ ልጅ፣ ከሦስት ቀን በፊት ከገበያ የታፈሰ። እናቱ ለተጊዮርጊስ ሽኝቱን አላይም ብለው ቤታቸው ተኝተው ቀርተዋል።

ገብረ ጻድቅ አራተኛውን ቆርቆሮ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

“ኪዳኔ እዚህ ውስጥ አለ?”

“አለ፣ ጋሼ።”

“ቤታችን ፎቶግራፉ የለም” አሉና መዝገባቸውን ሊጽፉ አቀረቀሩ።

በማግስቱ ጠዋት ባለ ነጭ ፕላስተር ቆርቆሮ ልወስድ መጥቼ ሳለ ጓድ ዘርአ አንድ ሽጉጥና አንድ ያበጠ ከንፈር ይዞ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

“አራተኛውን ቆርቆሮ አውጣ! አብዮቱን የሚያዋርድ ነገር አለበት።”

“እሺ፣ ጓድ። እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።”

“ምን ተብሎ?”

“‘ጓድ ዘርአ ከበቅሎ የወደቁበት ፊልም፣ አንድ ቆርቆሮ፣ ወጪ ሆነ’ ተብሎ።”

ካድሬው ፊቱ ደም መሰለ። “ፊርማ የሚባል ነገር የለም! አሁን ካላወጣህ አንተንም፣ ይህን የካሜራ ጎረምሳም ወህኒ ነው የማወርዳችሁ!”

ገብረ ጻድቅ መዝገቡን ቀስ ብለው ዘጉ። “ያልተፈረመበት ዕቃ አልወጣም ማለት ነው” ብለው አጉተመተሙና ወደ ጨለማው ገቡ። ቆዩ። እጃቸውን እየታጠቡ ነው ብዬ አሰብኩ። ሲወጡ ቀይ ፕላስተር ያለበት ቆርቆሮ ይዘዋል። ጫፉን አየሁት። እኔ ፕላስተር የምቆርጠው በመቀስ ነው፤ ይህ ግን በጥርስ የተበጠሰ ነበር። ሽማግሌው ቀዩን ልጠው ያልተቀረጸ ፊልም ላይ ለጥፈውታል።

ጓድ ዘርአ ቆርቆሮውን ከፍቶ ፊልሙን እንደ አንጀት ጎልጉሎ አወጣና ወደ ፀሐይ አንጋጠጠ።

“የታለሁ እኔ?”

“ብርሃኑ አጠፋዎት፣ ጓድ” አሉ ገብረ ጻድቅ።

ወደ እኔ ዞረ። “እውነት ነው?”

የሽማግሌውን ፊት አየሁ። አይለምነኝም፣ አያስፈራራኝም፤ ይጠብቃል። “ብርሃን ያየ ፊልም አለቀለት” አልኩ። ይህ እንኳ ሐሰት አልነበረም። ካድሬው ፊልሙን ረጋግጦት ሄደ።

አዲስ አበባ ስመለስ አንድ ቆርቆሮ ፊልም በራሴ ቸልተኝነት ብርሃን ገብቶበት ተበላሸ ብዬ ጻፍኩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። አራተኛው ቆርቆሮ ግን ከሌሎቹ ጋር ታጠበ።

ከአምስት ወር በኋላ ፊልሙን ለማሳየት ማሽን ይዤ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። የአዳራሹ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። ጓድ ዘርአ ከፊት ተቀምጧል። ገብረ ጻድቅና ለተጊዮርጊስ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው መጥተው ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጡ። ከልጃቸው እስከዚያ ቀን አንድ ደብዳቤ እንኳ አልመጣም ነበር።

በቅሎዋ የለችም። አዲስ አበባ ያሉት ቆርጠው ጥለዋታል። ሳቁን ግን አልጣሉትም። ሸራው ላይ ኪዳነ ማርያም ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል፣ ድምፁ የጎረነነ ተራኪ ደግሞ ከላይ ያውጃል፦ “የአብዮታዊት እናት አገር ልጆች በሳቅና በፈንጠዝያ ወደ ግዳጃቸው ሲተሙ!” ጓድ ዘርአ አጨበጨበ።

ለተጊዮርጊስ ወደ ባላቸው ዞሩ። “አንቱ፣ ወዶ ነው እንዴ የሄደው? እየሳቀ ነው እኮ።”

እንዲህ የተሰበረ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቆርቆሮ በማትረፋችን ራሴን ረገምኩ። ገብረ ጻድቅ የካድሬውን ማጅራት አዩ፣ ከዚያ ወደ ሚስታቸው ጆሮ ጠጋ አሉ።

“ወዶ አይደለም። ያ ከፊት የተቀመጠው ከበቅሎ ሲወድቅ አይቶ ነው።”

ለተጊዮርጊስ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ እንባቸው እየወረደ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ጓድ ዘርአ ዞር ብሎ አያቸው። “እናት ጀግና!” አለና እንደገና አጨበጨበ። አዳራሹም ተከተለው።

“ልጄ፣ አንዴ መልስልኝ” አሉኝ ለተጊዮርጊስ በሹክሹክታ።

ማሽኑን አቁሜ ወደ ኋላ መለስኩት። ሦስት ጊዜ መለስኩላቸው፤ ጓድ ዘርአም ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። ኪዳነ ማርያም ከግንባር አልተመለሰም። እናቱ ከዚያ ወዲህ ያዩት ያንን ሳቅ ብቻ ነው።